ደወሉ እስኪጮኽ

ሰዓቷ ጮኸች፤ የሚያጠፋት እጅ ግን አልተዘረጋም።

ጡረታ የወጡት ዳኛ ግንባራቸውን ክንዳቸው ላይ ደፍተው ጠረጴዛው ላይ የተኙ ይመስላሉ። ክርናቸው አጠገብ ያለችው ባለ ሁለት ጆሮ ደወል ሰዓት ሞላዋ እስኪያልቅ ተንጫጫች፤ እየደከመች ሄዳ ዝም አለች። ሦስቱ ተፈታኞች እንደ ሕጉ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። እንደ ሕጉ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ወረቀት ገልብጡ!» የሚለውን የለመዱትን ድምፅ ጠበቁ። ድምፁ ቀረ።

መጀመሪያ የተነሳችው ነርሷ ናት። ሁለት ጣቷን የዳኛው አንገት ላይ አሳርፋ ቆየች። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ዞራ የሁለቱን ፊት ማየት ስላልቻለች ለግድግዳው ነው የነገረችው።

«አልፈዋል» አለች።

ዳኛው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ሰው ያዘጋጁ ነበር። ዘንድሮ እስከ መጨረሻው የዘለቁላቸው ሦስት ናቸው፤ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር፣ አንዲት ነርስ፣ እና እሳቸው ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ። እውነተኛው ፈተና ነገ ጠዋት ነው። ክፍሏንም እንደ እውነተኛው አዳራሽ ነበር የያዟት። የኪስ ዕቃ ሁሉ በር ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ዳኛው የመጀመሪያውን ሰዓት ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ ሰዓቷ ለሠላሳ አምስት ደቂቃ ትሞላለች። ደወሉ ሳይጮኽ ከወንበሩ የተነሳ ሰው ወረቀቱ ይቀደዳል። ፈታኙም ከክፍሉ ከወጣ ፈተናው ይሰረዛል። «እኔ በማልታዘዘው ሕግ እናንተን አላዝም» ይሉ ነበር።

ዳኛው ለትምህርት ቤቱ በዓመት አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ይጽፋሉ። የዘንድሮው ዛሬ ለሚበልጠው ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሳጅኑ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። ሳጅኑ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ሁሉም ነገር ከምሳ በፊት እንዲያልቅለት መፈለጉ ነው።

«ይዘነዋል፣ እመቤት። ሾፌሩ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«ሐኪሙ አስም ነው አለ። ዳኛው ሲያፍናቸው የሚስቧት ሰማያዊ ፓፍ አለቻቸው፤ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከሰዓቷ አጠገብ ነው። ዛሬ የተገኘችው ግን የት ነው? ከተቆለፈው ሳጥን፣ ከታች፣ ከሾፌሩ ቁልፎች ሥር! መጀመሪያ የገባ ዕቃ ከታች ይሆናል። መጀመሪያ የመጣው ደግሞ ሾፌሩ ነው።»

«ጠብ ነበራቸው እንዴ?»

«ትናንት! ላጲሱ ቢንከባለልበት ሊያነሳ ቆመ፤ ዳኛው ወረቀቱን ቀደዱበት። ‹ይህችን ሰዓት አንድ ቀን እሰብራታለሁ› እያለ ነው የወጣው። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ሰምታለች።»

«እና ሰዓቷ ተሰበረች?»

ሳጅኑ ወደ ጠረጴዛው አየ። «አልተሰበረችም» አለ፤ ቅር እያለው።

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የውጤት ሰንጠረዥ ቆማ አነበበች። በድምሩ የእህት ልጅ ትመራለች፤ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ግን ሾፌሩ ከተቀደደበት ከትናንቱ በቀር በየፈተናው በልጧታል።

ሾፌሩ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ጎልማሳ ነው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፤ አሁን ግን ያ ትከሻ የት እንደገባ እንጃ።

«ነገ ሊፈተኑ ነበር?» አለችው አጠገቡ ቁጭ ብላ።

«ሦስተኛዬ ነው፣ እህቴ። የሚፈቀደው ሦስት ጊዜ ነው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ካልተገኘሁ አለቀ።» ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሰውየው ገና ሳይገነዙ እኔ ስለ ፈተና አስባለሁ። አያሳፍርም?»

«ሲያፍናቸው ሰሙ?»

ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። «አልሰማሁም። አቀርቅሬ ነበር።»

ነርሷም ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰችው። «ምንም አልሰማሁም። ምንም።» የሥራ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም፤ ከአዳር ተረኝነት በቀጥታ ነው የመጣችው። ጣቶቿን እየፈተለች ነበር።

የእህት ልጅ ታች፣ በዳኛው መኝታ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተገኘች። የሹራቧን እጅጌ አፏ ውስጥ ከታ ታለቅሳለች። ራስጌው ላይ ሌላ ሰማያዊ ፓፍ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ አይዞሽ። ሳጥኑን ማን ነው ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያስገባው?»

«እኔ ነኝ። ቁልፉን ለአጎቴ እመልሳለሁ።»

«ዛሬ አጎትሽ ሲያፍናቸው ሰማሽ?»

«አልሰማሁም» አለችና ድንገት ተንሰቀሰቀች። «ግን ለምን አልወረደም? ለምን አልወረደም?»

ኢንስፔክተሯ ራሷን ዳበሰቻትና ወጣች።

የፎቶ ኮፒ ቤቷን ሴትዮ መጠየቅ አላስፈለገም፤ ስትጠብቅ ነበር።

«ሾፌሩ? እሱ ትንኝ አይገድልም! ጠዋት ገና መጋረጃዬን ሳልሰበስብ ደርሶ ወደ ላይ ወጣ። ወዲያው ተመልሶ ወረደና የእርሳስ መቅረጫ አውሺኝ አለኝ። ‹የራስህስ?› ብለው፣ ‹ከቁልፌ ጋር ታስራ ሳጥን ውስጥ ገብታለች፤ አሁን ባወጣት ሕግ ጣስክ እባላለሁ› አይል መሰለሽ! ዳኛው እዚሁ ባንኮኒው ጋ ቆመው ኮፒ ይጠብቃሉ። ሳቅ አፈናቸው። ያቺን ሰማያዊ ፓፋቸውን ሁለቴ ነቅነቅ አድርገው ሳቡና ኪሳቸው ከትተው ‹ይሄማ ጠበቃ ወጥቶታል!› አሉ። አብረው ወደ ላይ ወጡ።»

«ታርቀው ነበር ማለት ነው?»

ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትናንት የቀደዱበትን ወረቀት እኮ በፕላስተር ገጣጥመው፣ አርመው፣ ንጹሕ ኮፒ አንሺልኝ ብለውኛል። ሊሰጡት። ‹እንዳትነግሪው፣ ይኮራብኛል› አሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ላይ ተመልሳ ሦስቱን የመልስ ወረቀቶች መስኮቱ አጠገብ ዘረጋች። በየረድፉ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ ከአራቱ ክብ አንዱ በእርሳስ ይጠቁራል። ከዳኛው መልስ ጋር እያስተያየች ብዙ ቆየች።

«እመቤት፣ ምን ያደርጋል እሱ?» አለ ሳጅኑ። «ፈተናውን እኮ አይደለም የምንመረምረው።»

«ሳጅን፣ ይህን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄዋለሁ። ሰው እዚህ ወረቀት ላይ ምን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ክፍሏ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሦስቱ ጠዋት በነበሩበት ወንበር ተቀመጡ፤ ሳጅኑና የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ በሩ ጋ ቆሙ። የዳኛው ወንበር ባዶ ነው። እሷ አልተቀመጠችበትም፤ ከጎኑ ቆመች።

«ከቁልፎቹ እንነሳ» አለች። «ሾፌሩ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ከትቶ ሲወርድ ፓፏ ገና በዳኛው እጅ ነበረች። ይህን የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ ከቁልፎቹ በኋላ ገብታ ሳለ ከሥራቸው ተገኘች። አንድ ሰው ዕቃውን አንስቶ ከታች ደበቃት ማለት ነው። ማን? እዚህ ላይ ነው የተቸገርኩት። ሁላችሁም አልሰማንም ብላችሁኛልና።»

ማንም ቀና አላለም።

«ወረቀታችሁ ግን ሰምቷል። የእርስዎ፣ ወንድሜ፣ እስከ አሥራ አምስት ድረስ አንድ ስህተት የለበትም። አሥራ ስድስተኛው ረድፍ ባዶ ነው። ከዚያ በታች ያለው በሙሉ ስህተት ነው፤ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ሲገፋ ግን በሙሉ ልክ ነው። ጥያቄውን ያውቁት ነበር። ቀና ብለው አንድ ነገር አይተው፣ ሲመለሱ ረድፉ ጠፋብዎት።»

«ደረታቸውን ይዘው ነበር» አለ ሾፌሩ። «ኪሳቸውን ሲዳብሱ አየኋቸው። ትናንት ተነስቼ ተቀደደብኝ፤ ዛሬም ይቀደድብኛል ብዬ… ለአንድ ወረቀት ብዬ…»

«የአንቺ ደግሞ፣ እህቴ፣ አሥራ ሰባተኛው ላይ እርሳሱ ወረቀቱን በስቶ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።»

ነርሷ ቀና አለች። «ያንን ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ሆስፒታል ውስጥ እሱን ስሰማ ባዶ እግሬን ነው የምሮጠው። እዚህ ግን ፓፋቸው አጠገባቸው አለች ብዬ…»

«አጠገባቸው እንዳለች በምን አወቅሽ?»

«ስገባ አይቻታለኋ! ዘግይቼ ነው የደረስኩት፤ ስልኬን ሳጥኑ ውስጥ ጣል አድርጌ ስቀመጥ ከሰዓቷ አጠገብ ነበረች። አሁን ይስቧታል፣ አሁን ይስቧታል ስል…»

«ይህን ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ መስማቴ ሊታወቅ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ራሷን ነቀነቀች። «አያችሁ፣ ሁለታችሁም አልሰማንም ያላችሁት አፍራችሁ ነው። እፍረታችሁ ግን ሌላ ሰው ደበቀ። ነርሷ ስትቀመጥ ፓፏ ጠረጴዛው ላይ ናት። ሾፌሩ ከወንበሩ አልተነሳም። ዳኛው እንደ ልማዳቸው ሰዓት ሊጽፉ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ይዞ በዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ያለፈ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሦስተኛውን ወረቀት አነሳችና ለሁሉም አሳየች። ከላይ እስከ ታች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ እንደ ደረጃ ተስተካክሎ ጠቁሯል።

«ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሮ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ደብዳቤውን አጥብቃ የምትፈልግ ጎበዝ ተማሪ አንድም ጥያቄ ሳታነብ እንዲህ የምትሞላው መቼ ነው? ወረቀቱ እንደማይታረም ስታውቅ። ልጄ፣ ሁለቱ ልባቸው የሚላቸው ‹እኛ ለምን አልተነሳንም› ነው። አንቺ ብቻ ‹እሱ ለምን አልወረደም› አልሽኝ። ይወርዳሉ ብለሽ ጠብቀሽ ነበር።»

የእህት ልጅ እጅጌዋን ከአፏ አወጣች።

«ሌላዋ ፓፍ ታች ነበረች» አለች። «ሲያፍነው ሊያመጣት ይወጣል፤ ከወጣ ፈተናው ይሰረዛል፤ ከተሰረዘ ደብዳቤው በድምር ይሆናል። በድምር እኔ እበልጣለሁ። ሾፌሩን በዛሬው እንደማልችለው አውቄ ነበር። አጎቴ ደግሞ ለዘመድ አያደላም። ደረጃው አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሁለት ደረጃ ብቻ ነበር የሚወርደው! እሱ ግን ሰዓቷን ያያል… አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል ስል…»

«አንቺስ ለምን አልተነሳሽም?»

«ብነሳ እኔ እንዳደረግኩት ይታወቃል ብዬ» አለች። «አፈርኩ።»

የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሳጅኑ የሾፌሩን ቁልፎች ከነመቅረጫዋ አምጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት፤ «ይቅርታ፣ ወንድሜ» አለው ድምፁ እንዳይሰማ። በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ የድጋፍ ደብዳቤው ተገኘ። ተጽፎ፣ ተፈርሞ አልቋል፤ የስም ቦታው ብቻ ባዶ ነው። አጠገቡ በፕላስተር የተገጣጠመው ወረቀት አለ። ሾፌሩ እሱን ወሰደ። ደብዳቤውን የጠየቀ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው አቀርቅሯል። ሾፌሩ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ሌሊቱን አልተኛም፤ ጥያቄዎቹ ግን የሚያውቃቸው ነበሩ፤ በዳኛው ድምፅ ነበር የሚያነባቸው። አሥራ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ በሩ ጋ የተቀመጡት ፈታኝ ሳሉ። ሁለቴ። ሦስተኛው ሳል ጉሮሯቸው ላይ ተንጠለጠለ።

እርሳሱን ጣለና ቆመ።

«ተቀመጥ! ምን ሆነህ ነው?» አሉ ፈታኙ እንባ ያቀረረ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ውሃ ላምጣልዎት?»

«የጠመኔ አቧራ ነው፣ ልጄ! ተቀመጥ። ወረቀትህ ላይ የሕግ ጥሰት ቀይ ምልክት ልታስደርግ ነው። አንቺም!»

ሾፌሩ ዞር አለ። ከአራት ረድፍ በስተኋላ ነርሷ ቆማለች፤ አንድ እግሯ ከወንበሮቹ መካከል ወጥቷል። ከትናንት ጀምሮ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም ነበር። ከሦስት መቶው መካከል ሁለቱ ቆመው ተያዩ፤ ሁለቱም ፊታቸው ቀላ። እንዲያም ሆኖ ፈታኙ አንድ ጊዜ ደህና እስኪተነፍሱ ድረስ አንዳቸውም አልተቀመጡም።

ቀዩ ምልክት ሁለቱም ወረቀት ላይ ተደረገ። ሾፌሩ ጣቱን አሥራ ስድስተኛው ረድፍ ላይ አኖረ፤ አሥራ ስድስት መሆኑን ሁለቴ አየ፤ ከዚያም ክቡን ማጥቆር ጀመረ።