ለጋሽ ታምራት የቀረችው እርምጃ

ስለ ጥላ፣ ስለ ቡዳ፣ ስለ መንፈስ ሲወራ በሳቅ የማቋርጠው ሰው እኔ ነበርኩ፣ ሥራዬ ኮምፒውተር ነው፣ የጻፍኩለትን ይሠራል፣ ያልጻፍኩለትን አይሠራም፣ በቃ። አንተም ብትስቅብኝ አልቀየምህም፣ ግን መጀመሪያ ጨርሰህ ስማኝ።

እዚህ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቼዝ እንጫወታለን። የሁላችንም አለቃ ጋሽ ታምራት ነው፣ ሳውዝ ሲ የሚባለው ሰፈር የሚኖር የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከቼዝ ሌላ ደስታ የለውም። ታዲያ ሐዘኑ አላለዘበውም፣ ያሸነፈውን ሰው ንጉሥ ከሰሌዳው ያነሳና ሰውየው በሚጠጣው ሻይ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያም "ጠጣ እንጂ!" ይላል። እኔን በወደፊት አማቴ ፊት እንዲህ አደረገኝ፣ እመነኝ፣ ይህ ሰው እሱም በተራው በሰው ፊት ሲዋረድ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም አልኩ።

ስለዚህ የቼዝ ፕሮግራም ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ለሁለቱም ወገን እኩል ያስባል፣ ለራሱም ለተጋጣሚውም ምርጡን እርምጃ ይፈልጋል። የእኔው ግን ለራሱ ሁሉንም አርቆ ይመረምራል፣ ለተጋጣሚው ሲሆን ጋሽ ታምራት ሊያስባቸው የሚችሉትን ብቻ ያያል፣ የቀሩትን እንደሌሉ ቆጥሮ ይጥላቸዋል። ሰውየው በስልኩ የተጫወታቸው ጨዋታዎች ለማንም ክፍት ናቸው፣ ሰብስቤ ለፕሮግራሙ አጎረስኩት።

ፕሮግራሙን ከጋሽ ታምራት ጋር ያጋጠምኩበት ቅዳሜ ይዘንባል። ላፕቶፑን ከፍቼ የማሽኑን እርምጃ በእንጨቱ ሰሌዳ ላይ የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ማሽኑ ለጋሽ ታምራት የፈቀደለት እርምጃዎች ይዘረዘራሉ፣ እሱ ግን አያያቸውም። ብዙም ሳንቆይ ማሽኑ ንግሥቱን በነፃ አቀረበለት፣ ተመልካቹ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፣ እሷን መብላት ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፣ ጋሽ ታምራትም ሳያያት በሌላ በኩል ወታደር ገፋ። የተሰማኝን ደስታ ልነግርህ አልችልም።

ከዚያ ነው ነገሩ የጀመረው። የላፕቶፑ ድምፅ ተዘግቶ ሳለ "ጣ" የሚል፣ እንጨት ሰሌዳ ሲመታ ያለ ድምፅ ሰማሁ፣ ማንም ምንም አልነካም፣ ወዲያው ጋሽ ታምራት አንድ ወታደር አንስቶ ጣ አድርጎ አስቀመጠ። ደግሞ ድምፁ፣ ደግሞ እሱ፣ ድምፁ እየቀደመ እጁ እየተከተለ። ስክሪኑ ላይ የቀሩት እርምጃዎች እየተመናመኑ ሄደው አንዲት ቀረች፣ ከዚያ እሷም ጠፋች። ሰሌዳው ላይ ግን ጨዋታውን የምታድንለት የፈረስ እርምጃ ቁጭ ብላለች።

ጋሽ ታምራት አያት። ፊቱ በራ፣ እጁን ሰደደ፣ እጁ ከፈረሱ አናት ላይ ደርሶ ቆመ።

"ተጫወት እንጂ ጋሽ ታምራት፣ ሻይህ ቀዘቀዘ!" አልኩት፣ ቤቱ በሳቅ አውካካ።

"እጄ..." አለ ቀስ ብሎ።

ይበልጥ ሳቅን። እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ልጁ ሃና ብቻ ከባንኮኒው ሮጣ መጣች።

"ኢናቶሻ! በቃ! ዳዲ ኢዝ ኖት ጆኪንግ፣ እጁን እዩት እንጂ!"

እጁ ከፈረሱ አናት ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ላቡ ሰሌዳው ላይ ይንጠባጠባል። ሁለት ሰው ሆነን ወደ ታች ብንጫነው አልወርድ አለን፣ ወደ ኋላ ስንስበው ግን በቀላሉ መጣ።

ሐኪሞች ምንም አላገኙበትም። በዚያው እጅ ይበላል፣ መኪና ይነዳል፣ ሰው ይጨብጣል፣ የቼዝ ሰሌዳ ላይ ሲደርስ ብቻ ይቆማል። ሃና እያለቀሰች ስለለመነችኝ ፕሮግራሙን ከነቅጂው ዓይኗ እያየ አጠፋሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ታምራት መጣ፣ ከስቷል፣ ማንንም ሰላም ሳይል ከፊቴ ተቀመጠና እጁን ወደ ሰሌዳው ዘረጋ። እጁ ያው አየር ላይ ቀረ።

"አንተ ልጅ፣ በቃህ፣ ተወኝ" አለኝ። እንዲህ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም።

"አጥፍቼዋለሁ እኮ ጋሽ ታምራት፣ ሃናን ጠይቃት።"

"ካጠፋኸው ታዲያ እጄን የያዘው ማነው?"

አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን እጁን አልሰበሰበም፣ መልሴን እየጠበቀ እስኪመሽ እንደዘረጋው ተቀመጠ።