ጠብቆ የተከደነው ብልቃጥ

ዶክተር ጌታነህ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ራስጌያቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ የማንጎ ጭማቂ ዝቃጭ የቀረበት ብርጭቆና ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ብልቃጥ ተቀምጠዋል።

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል ወርቅአፈራሁ ብልቃጡን በመሐረብ ይዞ ክዳኑን ሊያዞር ሞከረ። እምቢ አለው። ጥርሱን ነክሶ ሲደግመው በመከራ ተከፈተ።

ሟቹ ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የመጡት ስለ መገጣጠሚያ በሽታዎች ሊያስተምሩ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ባዩሽና በሥራቸው የሚሰለጥኑት ሁለት ሬዚደንት ሐኪሞች፣ እንድሪያስና ቤተልሔም፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው የእንግዳ ማረፊያ አብረዋቸው ሰንብተዋል። ከእነሱ በቀር የቤቱ ቁልፍ ያለው ሰው የለም።

ሬሳውን ያገኘው እንድሪያስ «ራሳቸውን አጠፉ» ብሎ ጮኾ ነበር። ወሬው በጠዋቱ ደብሩ ደርሷል፤ ራሱን ላጠፋ ደግሞ ፍትሐት የለም።

«ልጄ፣ ያላመንክበትን እንዳትጽፍብኝ» አሉት ወይዘሮ ባዩሽ።

«ጭማቂውን ማን አዘጋጀላቸው?»

«እኔ። ከድኜለት ጫኖ መንደር ለቅሶ ሄድኩ፤ እዚያው አደርኩ።»

«ክኒኑስ?»

«የእንቅልፍ ክኒን ቤታችን ገብቶ አያውቅም።»

ሻምበሉ አያቸው። ጭማቂውን በእጃቸው ያቀረቡት እኚህ ሴት ናቸው። እንባቸው እውነተኛ ይመስላል፤ እሱ ግን እንባ አይቶ ማመን ከተወ ቆይቷል።

እንድሪያስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ቀረበ።

«ትናንት ማታ ክፍላቸው ገብተው ነበር?»

«በፍጹም። ደክሞኝ በጊዜ ተኛሁ።»

«የመጨረሻ ትምህርታቸው ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ሪህ» አለ ሳያመነታ። «የእግር አውራ ጣት እንዴት እንደሚያብጥ፣ የደም ምርመራው...»

ቤተልሔም ስትገባ ዐይኗ አብጧል። ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት።

«ስለ እጅ ነበር» አለች። «መጀመሪያ ሁላችንንም ጨበጡን። ከዚያ አንድ ብልቃጥ አንስተው ሊከፍቱ ቢታገሉ አቃታቸው። ‹እጄ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ የአውራ ጣቴ ሥር ግን አልቋል። በሽተኛን ስትመረምሩ ምን እንዳቃተው ጠይቁት› አሉን። ለዓመታት ደብቀውት ኖረዋል።»

ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።

«ከእሳቸው ጋር የተቃቃረ ሰው ነበር?»

አመነታች። «ካሱ የሚባል የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ እዚህ ሆስፒታል ተኝቷል። ጉልበቱ መግል ይዞ ሳለ ሳይመረመር ኮርቲዞን የሚባል መድኃኒት ተወጋ፤ መድኃኒቱ ኢንፌክሽኑን አባባሰው። እግሩ ተቆረጠ። ማን እንደወጋው ዶክተር ደርሰውበት ነበር። እኔ አይደለሁም። ያን ቀን ተረኛ ግን ሁለታችንም ነበርን።»

ሻምበሉ ሆስፒታል ሄዶ ትምህርቱ ላይ የነበሩትን ሐኪሞች አነጋገረ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ዝቃጩን በምላሴ ጫፍ ቀመስኩት፤ ይመራል» ሲል ጀመረ። «ክኒኑ ተፈጭቶ ጭማቂው ውስጥ ገብቷል። ብልቃጡን ግን ለመክፈት እኔ ራሴ ላብ አልቦኛል። ዶክተር ጌታነህ እንዲያ አጥብቀው ሊከድኑት ይችሉ ነበር?»

«የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ የምቆልፍለት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ባዩሽ።

«ስለዚህ የከደነው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ራሳቸውን ያጠፉ ሊያስመስል ፈልጓል። እጃቸው እንደማይችል ቢያውቅ ኖሮ ክዳኑን ከፍቶ ይተወው ነበር። ወይዘሮ ባዩሽ ያውቃሉ። ዶክተር ቤተልሔም በዐይናቸው አይተዋል። የማያውቀው ከትምህርቱ የቀረ ሰው ብቻ ነው። ባልደረቦችዎን ጠይቄያለሁ፤ ዶክተር እንድሪያስ፣ እርስዎ አልነበሩም።»

እንድሪያስ ከመቀመጫው ተነሣ። «ስለቀረሁ ነፍሰ ገዳይ ነኝ? ደግሞ መክፈት ይችሉ ነበር! ትናንት ማታ ራሳቸው ሲከፍቱት አይቻለሁ!»

«የት ሆነው አዩ?» አለ ሻምበሉ ቀስ ብሎ። «ክፍላቸው አልገባሁም ብለውኝ ነበር።»

እንድሪያስ መልሶ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ለካሱ እውነቱን ንገረው አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «‹ነገ አብረን እንሄዳለን፤ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› አሉኝ። ሁሉ ነገሬ አለቀ ብዬ...»

«አጠገብህ ሊቆም ነበር እኮ!» አሉ ወይዘሮ ባዩሽ። «አጠገብህ!»

ሻምበሉ እንድሪያስን ለፖሊሶቹ አስረክቦ በቀጥታ ወደ ደብሩ አለቃ ሄደ። ለማግስቱ ፍትሐት ተፈቀደ።

በማግስቱ ጠዋት ቤተልሔም ካሱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። የተቆረጠ እግሩን በአንሶላ ሸፍኖ እስክትጨርስ አዳመጣት።

«ዶክተሩ ይሄን ሊያስነግሩኝ ብለው ነው የሞቱት?»

«አዎ።»

ካሱ ክንዱን ዘረጋ።

«በይ ደግፊኝ፤ ክራንቹንም አቀብይኝ» አላት። «ልቅበራቸው።»