እንግዳ መግባት ክልክል ነው

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ የገዛ ጥርሴ ምላሴን ይንከሰው! ባለፈው በቅሎ መሰላል ስትወጣ አየሁ ብዬ ያወራኋችሁን እርሱት፤ ያን ቀን ጭጋግ ነበር፣ በቅሎዋም ላትሆን ትችላለች። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ትምህርቴን መንገድ ላይ የጣልኩ ሰው ብሆንም ያየሁትን ከነነፍሱ ማድረስ አያቅተኝም። ደግሞም ለሳቅ ብቻ አይደለም የምነግራችሁ። ደጃችን ላይ ስለሰቀልነው አንድ ቃል ልንመካከር ነው።

አንድ ቀለም ቀቢ ነበር። ግድግዳ ይቀባል፣ የሱቅ ሰሌዳ ይጽፋል፤ የጥፍሩ ሥር ቀለም ታጥቦ አያውቅም። ከአሮጊት እናቱ ጋር አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ይኖራል። ሚስት አላገባም። ሰው ሲጠይቀው «ዕጣዬ አልደረሰም» ይላል እንጂ እውነቱ ሌላ ነው፤ እናቱ በእንቅልፍ ልቧ ስታወራ የምትሰማ ሴት ቤቱ እንዳትገባ ፈርቶ ነው። እናቱ በሕልሟ የምታወራው በሌላ ቋንቋ ነበራ!

ገና ጡት ሳይጥል በጀርባዋ አዝላው ነው ድንበር የተሻገረችው። ባቡሩ ያወረዳቸውም እዚሁ መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ጣቢያ ነው። ልጁ አደገ፣ በአገሩ ቋንቋ አፉን ፈታ፤ ከየት መጣህ ያለው ሰው የለም። እሱም አልተናገረም። ሳይናገር ሳይናገር ፀጉሩ ሸበተ።

ታዲያ ያ ምርጫ መጣ። አገሩን እንደ ማገዶ ለሁለት ሰነጠቀው። ባልና ሚስት አንድ ሶፋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ያሸነፉት ወገኖች መፈክራቸው «ራሳችንን እንቻል!» የሚል ነበር። ይሄን ማን ይጠላል? እኔም ወድጄው ነበር። ግን ቃሉ ሰነበተና ጭራ አበቀለ፤ «ራሳችንን እንቻል፣ መጤ ይውጣልን!» ሆነ። ጎረምሶች መንገድ ዳር ቆመው አላፊ አግዳሚውን «አንተ፣ ከየት ነህ?» ይሉ ጀመር። ፍርሃት ከመብዛቱ የተነሳ አንድ ሰውዬ የገዛ በሩን ከመክፈቱ በፊት ማንነቱን ለቁልፉ ቀዳዳ ሲያስረዳ ተሰምቷል። እውነቴን ነው!

ቀለም ቀቢው ደግሞ የባሰ መከራ ገጠመው። እናቱ አርጅታ ትዝታዋ መንሸራተት ሲጀምር፣ የአገሩ ቋንቋ ከአፏ እየወጣ ሄደ፣ የድሮው ተመልሶ ገባ። በጠራራ ፀሐይ፣ በቀጭን ግድግዳ በኩል፣ ያንን ቋንቋ ጮክ ብላ ታወራለች።

«እማማ ምን እያሉ ነው?» ትላለች የጎረቤት ሴት።

«ጥርሳቸው ነው። አዲሱ ሰው ሠራሽ ጥርስ አልገጠመላቸውም።»

«ታዲያ አያወልቁትም?»

«ሲያወልቁትማ ይብሳል!»

የእናቱ ደስታ አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች። ከነዚያው ከመጤዎቹ ወገን ናት። የታጠበውን ልብስ በትልቅ ጥቅል ተሸክማ ደረጃውን ትወጣለች፤ ከእናቱ ጋር ጎን ለጎን ቁጭ ብለው በድሮው ቋንቋ እየተንሾካሾኩ ይሳሳቃሉ። እሱ በሩን ይዘጋል፣ ሬዲዮኑን ያስጮሃል፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ነዋሪውን ሁሉ ደረጃው ሥር ሰበሰበ። ይህ ሰው የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ጡረታ ሳይወጣ በፊት ባቡር ጣቢያ ውስጥ የባቡሮችን መምጫና መሄጃ የሚለፍፍ ሰው ነበር። ድምፁ! ሲያስነጥስ የጎረቤት ሕፃን ይነሳል። ድምፅ ማጉያው የተበላሸ ቀን እንኳ ባቡሩ ራሱ ሰምቶት ይቆም ነበር ይባላል።

«ራሱን የቻለ ቤት በሩን ይዘጋል!» አለ። «ስንዝር ሰጠናቸው፣ ክንድ ወሰዱ። ሐኪም ቤት ብንሄድ ቀድመውን ተሰልፈዋል። ልጄ ሥራ ካጣ ከረመ። ሥራውን እነሱ፣ ወረፋውን እነሱ፤ እኛስ?»

ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ምርኩዟን ደረጃው ላይ ኳ አደረገችው። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ እግሯ አይታዘዛትም፤ ምላሷ ግን ለሁለቱም ይበቃል።

«ወረፋው ከረዘመ ሐኪም ይጨመራል እንጂ በሽተኛ ይቀነሳል እንዴ? ልጅዎትንስ ሥራ የነሳችው አጣቢዋ ናት? ልብስ ሊያጥብልን ነበር?»

«ነገር አታጣምሚ! ራስን ስለመቻል ነው የማወራው። በሁለት እግር ስለመቆም!»

«እንግዲያው እኔንም ውጪ በሉኛ። ያለችኝ አንድ እግርና አንድ ዱላ ናት።»

«አንቺማ የኛው ነሽ!»

«እስከ መቼ? ዛሬ መጤው ይውጣ ተባለ። ነገ ምርኩዝ የያዘው፣ ከነገ ወዲያ ያረጀው ይባላል። ደግሞ ሊቀመንበር፣ የሱሪዎን ቁልፍ የተከልኩልዎት እኔ ነኝ። ራስዎን ከቻሉ እስቲ ቁልፌን ይመልሱልኝና ሱሪዎን ሳይዙ ይቁሙ!»

ደረጃው በሳቅ ተናወጠ። ቀለም ቀቢውም ሊስቅ ነበር፤ ግን ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ «አንተስ? ምን ትላለህ?» አለው። ያ ሁሉ ዓይን ፊቱ ላይ አረፈ። የመጣበት አገር ግንባሩ ላይ የተጻፈ መሰለው።

«ልክ ነው» አለ። «ይዘጋ።»

ልብስ ሰፊዋ አየችው። አስተያየቷ ከስድብ በላይ አመመው።

«በል እንግዲያው ሰሌዳውን አንተ ትጽፍልናለህ» አለ ሊቀመንበሩ። «በቀይ! እንግዳ መግባት ክልክል ነው ብለህ።»

«እንግዳ ማለት» አለ ቀለም ቀቢው ምራቁን እየዋጠ፣ «ዘመድ ጥየቃ የሚመጣውን ነው ወይስ...»

«የሚገባው ይገባዋል፤ የማይገባው አይገባም! ጻፍ!»

ጻፈ። በሕይወቱ እንደዚያ የሚያምር ፊደል ጽፎ አያውቅም። የፈራ ሰው ፊደሉ ያምራል፤ አንዲት እግር እንዳትጣመም፣ ልቡን ያሳብቅበት ይመስል እየተጠበበ ነው የሚጥለው። ሰሌዳውን በሩ አጠገብ ግንቡ ላይ በብሎን አጥብቀው አሰሩት።

ሰሌዳው ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ያባረረው የሊቀመንበሩን አማቶች ነበር። ከሩቅ መጥተው በሩ ላይ አንብበው «እንግዳ አይገባም ካለማ እኛ ምን እንሠራለን!» ብለው ተቀይመው ተመለሱ። ቧንቧ ሠሪውም ደጅ ሆኖ ደወለና «እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ» ብሎ ሄደ፤ ሕንፃው በባልዲ ውሃ ሲቀዳ ሰነበተ። አጣቢዋም ቀረች።

እናቱ መስኮት ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። «ለምን ቀረች?» ትላለች በድሮው ቋንቋ። እሱ ያን ቋንቋ ረስቶታል፤ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ልጅ ሳለ እናቱን የሚጠራባት። እሷኑም ከአፉ አውጥቷት አያውቅም።

«ሥራ በዝቶባት ነው እማዬ» ይላል በአገሩ ቋንቋ። እናቱ እንደማታውቀው ሰው ታየዋለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሌላ ሰው ቤት መሰላል ላይ ቆሞ ኮርኒስ ሲቀባ ከታች የምርኩዝ ድምፅ ሰማ። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«እናትህ ወጥተዋል!»

ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። «ወዴት?»

«ፀሐይ ሊሞቁ ወረድ ብለው ነበር። ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሙ። ሰሌዳውን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል አነበቡት። ከዚያ ሻርፓቸውን አስተካከሉና ለበሩ አጎንብሰው፣ በቀረቻቸው የአገራችን ቋንቋ ‹ይቅርታ፣ አላየሁትም› ብለው ሄዱ። ሱቅ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ሳይመለሱ ሲቀሩ ነው የገባኝ። እግሬ ቢታዘዘኝ ኖሮ ሮጬ እይዛቸው ነበር!»

ቀለም ቀቢው መሰላሉን በአየር ወረደው። ልጅ ሳለ እናቱ የምትለው ትዝ አለው፦ «ሰሌዳ ስታይ መጀመሪያ አንብብ። እኛን የሚያባርር ነገር ከሰው አፍ ቀድሞ ግድግዳ ላይ ነው የሚጻፍ።» በጨረሰችው ዕድሜ ሁሉ አንድም ሰሌዳ ተላልፋ አታውቅም። ትዝታዋ ደግሞ ዛሬ የመጣች አድርጓታል። እንግዳ አይገባም ካለ እንግዳዋ እሷ ናት። የጻፈው ልጇ ነው።

«ጣቢያው!» አለ። «የመጣንበት...» ቃሉ አመለጠው። አፉን በእጁ ያዘ።

ልብስ ሰፊዋ ትከሻውን መታ አደረገችው። «ያ ጥርስ ጥርስ እንዳልሆነማ ድሮ አውቃለሁ። ሩጥ! እኔ ሰው ይዤ እከተልሃለሁ።»

ጣቢያው ደረሰ። አገሩን ለቀው የሚሄዱ መጤዎች መድረኩን ሞልተውታል። ጥቅል ያዘለ፣ ሕፃን ያቀፈ፣ ድስት በገመድ ያንጠለጠለ። ሻርፕ የተከናነቡ አሮጊቶች እልፍ ናቸው፤ ሁሉም ከኋላ እናቱን ይመስላሉ። ባቡሩ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ጎረምሶቹ አጥሩ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ፣ «ቶሎ በሉ!» ይላሉ። አንዴ ከተሳፈረች የት ወርዳ፣ ማንን ልትጠይቅ?

«እማዬ! እማዬ!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴት እንኳ አልዞረችም። እናቱ በአገሩ ቋንቋ መስማት አቁማለች። ጆሮዋ ወደ ድሮው ተመልሷል። የቀረው ያቺ አንዲት ቃል ናት።

አንዱ ጎረምሳ ከአጥሩ ወረደና «ማንን ነው የምትጠራው ጋሼ?» አለው እየሳቀ።

ይህን ቃል እዚህ ካለ፣ ነገ ቤት የለውም፣ ሥራ የለውም። ካላለ እናት የለውም። ዓይኑን ጨፈነና ቃሏን አወጣት። ቃሏን እዚህ አልጽፋትም፤ ብጽፋት አገሩን ታውቁብኛላችሁ። ስትወጣ ግን ዝጋለች፤ ተሰባብራ ወጣች። ሁለተኛ ጮኸ። ጎረምሳው መሳቁን አቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ እናቱ ግን አልዞረችም።

«አላላኸው!» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ። «የቃሉ መጨረሻ ይጠብቃል! አጥብቀህ ጥራት!»

ዞሮ ቢያይ ሊቀመንበሩ ነው። ልብስ ሰፊዋ እጅጌውን ይዛ እየጎተተች አምጥታዋለች። ሊቀመንበሩ የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ፊቱ አመድ መሰለ። አፉን በእጁ ከደነ።

«እርስዎ ከየት...» አለ ቀለም ቀቢው።

«አያቴ» አለ ሊቀመንበሩ፤ ያ ድምፅ ከሹክሹክታ አነሰ። «አያቴን የምጠራበት ነበር። ዝም በል፣ እለምንሃለሁ።»

«ሊቀመንበር» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «በሩ እየተዘጋ ነው።»

ሊቀመንበሩ አጥሩ ላይ ያሉትን ጎረምሶች አየ። እሱም ፈርቶ እንደኖረ፣ ያን ሁሉ ሲጮህ የነበረው ይህችን ቃል ለመሸፈን እንደሆነ ያኔ ተገለጠ። ከዚያ ደረቱን ነፋና ቃሏን፣ መጨረሻዋን አጥብቆ፣ ባቡር በሚያቆመው ድምፁ ለቀቃት። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። መድረኩ ጸጥ አለ።

ከወረፋው ጫፍ አንዲት ቀጭን ድምፅ መለሰች።

እናቱ የአጣቢዋን እጅ ይዛ፣ አንድ እግሯ ባቡሩ ደረጃ ላይ ነበር።

«ወደ ቤትዎ ልመልስዎት ብላቸው ክልክል ነው ይሉኛል» አለች አጣቢዋ። «ብቻቸውን ከምተዋቸው ብዬ ነው የያዝኳቸው።» የእናቱን እጅ በእጁ ላይ አኖረችና ጥቅሏን አነሳች።

«አትሂጂ» አላት ቀለም ቀቢው። «እባክሽን።»

«ሰሌዳህን አንብቤዋለሁ» አለችው። «ፊደልህ ያምራል።» ባቡሩ ላይ ወጣች፤ በሩ ተዘጋ። ዛሬ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።

ቤታቸው በር ሲደርሱ ግን እናቱ ቆመች። ሰሌዳውን በጣቷ ተከተለች። «ክልክል ነው» አለች። ለመኗት፣ አባበሏት፤ አልገባም አለች። ያኔ ሊቀመንበሩ በሁለት እጁ ሰሌዳውን ይዞ ጎተተ። ብሎኑ ከነግንቡ ተፈነቀለ፤ ሰሌዳው መሬት ወርዶ ተሰበረ። እናቱም አጎንብሳ አመስግና ገባች።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ራስን መቻል መልካም ነው። ግን የሰው ልጅ ራሱን ችሎ የተወለደ የለም፤ ሁላችንም አንድ ጀርባ ላይ ታዝለን ነው ወደዚህ ዓለም የገባነው። ለሌላው የጻፍነውን ሰሌዳ አንድ ቀን የሚያነበው ሰው ከገዛ ቤታችን ነው የሚወጣው። እንግዳ የሚለውን ቃል አባቶቻችን ለሚከበርም ለማይታወቅም የሰጡት ቃል አጥተው አይመስለኝም።

አሁን ጥርሴ ምላሴን ሊነክስ ስለሆነ አንዲት ነገር ልናዘዝ። ሰሌዳው ተነቀለ ያልኩት ፈጠራዬ ነው። ብሎን በባዶ እጅ ይነቀላል እንዴ? ሊቀመንበሩ እጁን ሰደደና መለሰው፤ ጎረምሶቹ ተከትለዋቸው ማዶ ቆመው ነበር። ቀለም ቀቢው ነው ኮቱን አውልቆ ሰሌዳው ላይ ያንጠለጠለው፤ እናቱም ፊደሉ ሲጠፋባት ገባች። ኮቱ እስከ ዛሬ እዚያው ተሰቅሏል። ሰሌዳውን ለመንቀልም፣ ኮቱን ለማንሳትም የደፈረ የለም።

ብርዱ ደግሞ መጥቷል። መፍቻ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ብቅ በሉ።