የተደፈነው በር ሲንኳኳ

ወዳጆቼ፣ እኔ ሰው «መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ» ብሎ ማውራት ሲጀምር ተነስቼ ሻይ የማፈላ ሴት ነኝ፣ ጌታን አምናለሁ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ወሬ ጆሮዬ አይገባም፣ ይህንንም የምነግራችሁ በእርግጥ ስለደረሰብኝ ብቻ ነው።

የልጄ የሐና ሥራ አሮጌ ቤቶችን መለካት ነው፣ ሊጠገኑ ሲታሰብ ቀድማ ሄዳ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ስንጥቁን ሁሉ ለክታ ትስላለች። ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች፣ ከስንት ዓመት ጸሎትና ከስንት ሐዘን በኋላ የመጣ ፅንስ ነው፣ ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከለንደን ውጭ ያለ የገበሬ ቤት ልትለካ ስትነሳ ብቻሽን አትሄጂም አልኳት።

«እማ፣ ሜትሩን ነው የምትይዢልኝ ወይስ እኔን?»

«ሁለታችሁንም።»

ለንደን ከምንኖርበት ሰፈር ከአርችዌይ በጠዋት ወጣን። ቤቱ ሜዳ መሃል ብቻውን የቆመ ነው፣ ድንጋዩ የማር ሰፈፍ የመሰለ ቢጫ፣ ግድግዳው ክንዴን ዘርግቼ የማልጨርሰው ውፍረት፣ መስኮቶቹ ትንንሽ፣ ጣሪያው ሳይቀር የድንጋይ ንጣፍ ነው። ሐና «ድሮ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ፣ እዚህ ሰው፣ ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ከብት» ስትለኝ ሳቅኩ፣ መንዝ ያደግኩበት ቤት እኮ ጋጣው እንዲሁ ነው፣ የእንግሊዝ ገበሬም እንደኛ የከብቱን ትንፋሽ እየሞቀ ያድር እንደነበር ማን አወቀ።

ወደ ጋጣው ያስወጣ የነበረው በር ግን ተደፍኗል። መቃኑና ጉበኑ ትልልቅ ጠርብ ድንጋይ ሆነው ቀርተዋል፣ መሃሉ በትንንሽ ድንጋይ ተሞልቷል። ጋጣው ራሱ ከፈረሰ ቆይቷል፣ በውጭ ዞሬ አይቻለሁ፣ ሳማ ብቻ ነው የበቀለበት።

ከምሳ በኋላ ሐና የጭስ መውጫውን በባትሪ ለማየት ትልቁ ምድጃ ውስጥ ገብታ ቆመች፣ አዎ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት ምድጃ ነው። እኔ መስኮቱ ሥር ያለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሆኜ መዝሙሬን በለሆሳስ እዘምራለሁ። ያን ጊዜ በር ተንኳኳ። የተደፈነው በር። እመኑኝ፣ የድንጋይ ድምፅ አልነበረም፣ በመዳፍ የተመታ ሳንቃ ነው። እኔም ልማድ ሆኖብኝ፣ ሳላስበው፣ «ይግቡ!» አልኩ።

ሐና ከምድጃው ውስጥ ሳቀች። «እማ፣ ማንን ነው አንቱ የምትዪው?»

«በሩ ተንኳኳ።»

«ይሄ? ይሄ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ደግሞስ የእንግሊዝ ገበሬ አማርኛ ይሰማል?»

ልመልስላት ስል የርጥብ ገለባ ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ እርምጃ፣ ጭቃ የያዘ ከባድ ጫማ በድንጋይ ወለል ላይ ሲራመድ፣ ቀስ እያለ በፊቴ አለፈ፣ ወደ ምድጃው። ወለሉ ላይ የሚታይ ነገር የለም። በኢየሱስ ስም ልል አፌን ከፈትኩ። እርምጃው ገና የክፍሉ መሃል ሳለ ሐና «ኧረ!» ብላ ከምድጃው ወጥታ በጉልበቷ ወደቀች፣ ወዲያው የበግ ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ከጭስ መውጫው ወርዶ ቆማበት የነበረው ቦታ ላይ ተሰባበረ። ከዚያ በኋላ እርምጃም ሌላ ድምፅም አልሰማሁም።

እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ልጁ ሲራገጥ እስኪሰማኝ ድረስ ከወለሉ አልተነሳሁም፣ ጌታን አመሰገንኩ፣ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ «ድንጋዩን አይተሽው ነው የወጣሽው?» አልኳት።

«አላየሁትም። ሰው ገፋኝ እማ፣ በመዳፉ፣ ቀስ አድርጎ።»

«በየት በኩል?»

«ከጀርባዬ ነዋ፣ ከምድጃው ውስጥ።»

እኔ «ይግቡ» ብዬ ያስገባሁት ከፊት ለፊቷ ነበር የሚመጣው፣ ገና አልደረሰባትም ነበር።

ልጁ በሰላም ተወለደ፣ ለጌታ ክብር ይሁን። ሰቨን ሲስተርስ የሚባለው ሰፈር ባለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ቆሜ ስመሰክር የድንጋዩን ተናግሬ የእርምጃውን ተውኩት። አሁን ቤቱ ተጠግኖ አልቋል፣ ሐና ልጇን ወስዳ ልታሳየው ትፈልጋለች፣ «አያትየዋም ትመጣለች» ትላለች። እኔ እስካሁን እሺ አላልኩም፣ እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ያስገባሁት ሲወጣ አልሰማሁም።