ብራናውን የበሉት የጎርመላ ሰዎች

በጎርመላ መንግሥት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለች፣ የንጉሥ ዘንጋር ሆድ አጓራ፤ ሰባት ተራራ ተሻግሮ ተሰማ። ውሸት ከመሰላችሁ ተራሮቹን ጠይቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎርመላ ባህል እንግዳ ያመጣው ስጦታ እዚያው ይበላል፤ አለመብላት ንቀት ነው። ስለዚህ ከሰባቱ ተራሮች ማዶ ያሉ መነኮሳት ወንጌልን በብራና ጽፈው ቢልኩላቸው፣ ንጉሡና መኳንንቱ በታላቅ አክብሮት ከትፈው፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሰው በሉት። ቃሉ ሳይነበብ አለቀ! ጠንቋዩም ጆሮውን የንጉሡ ሆድ ላይ ለጥፎ፣ «የማይበላ ቃል በሁለት እግሩ ይመጣል!» ሲል ተነበየ።

መነኮሳቱ ይህን ሲሰሙ ወንጌሉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያጠናውን ወጣቱን ዲያቆን ኖላዊን ላኩ።

«ቃሉን ሳላደርስ ብመለስ ምድር አትሸከመኝ!» ብሎ ማለ። ጎረቤቱ፣ በቅሎ ነጂው አያ ድንበሩ፣ አብረውት ወጡ።

በሰባተኛው ተራራ በር ላይ ሰንገጎ የሚባል አውሬ ተጋድሟል። ሲያንኮራፋ ሾላ ከነሥሩ ይነቅላል፤ ምግቡ ግን የሰው ትዝታ ነው።

«ያለ ግብር አይታለፍም» አለ ሰንገጎ። «ከልብህ ውስጥ የሸተተኝ ሁለት ነገር ነው። ወይ ወንጌልህን፣ ወይ እናትህን!»

«የኔን ብላ» አሉ አያ ድንበሩ፤ «የሠላሳ ዓመት የበቅሎ ወሬ አለኝ፤ ትጠግባለህ።»

«ያንተማ ጨጓራ ይልጣል!»

ኖላዊ ዓይኑን ጨፈነ። እናቱ ደጃፍ ድረስ ሸኝታው፣ «ቶሎ ና፣ ሆዴ» ስትለው ታየችው። አንዴ ብቻ፣ ደህና አድርጎ አያት።

«እናቴን ውሰድ» አለ።

አውሬው ዋጠ። እንዲህ ያለ ነገር ቀምሶ አያውቅምና እያለቀሰ መንገዱን ለቀቀ።

ጎርመላ ሲደርሱ ንጉሡ ቢላዋ ይዘው ጠበቁት።

«ስጦታው የታለ?»

«አፌ ውስጥ ነው፣ ጌታዬ።»

«በምን ይበላል?»

«በጆሮ።»

ሦስት ቀን ተናገረ፤ ሦስት ቀን ማንም አላዛጋም። በአራተኛው ቀን ንጉሡ ከነዘውዳቸው ወንዝ ወርደው ተጠመቁ። ሕዝቡ ተከትሎ ቢገባ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ሽቅብ ፈሰሰ።

በእልልታው መካከል አያ ድንበሩ በቅሏቸውን እየጫኑ፣ «በል እንግዲህ ልጄ፣ ወደ እናትህ» አሉት።

ኖላዊ ቆመ። «እናት አለችኝ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ በቅሎዋ አዞሩ፤ ጭነት የሚያጠብቁ መስለው ቆዩ።

«አለችህ እንጂ! ትንሽ ቁጡ ናት። ስትስቅ ግን አገር ይሰማታል።»

ኖላዊ ፈገግ ብሎ ልጓሙን ያዘ።

«እንግዲያው አያ፣ ስንደርስ ያስተዋውቁኛል።»