አርባ እርምጃ

አስከሬኑን ከአሸዋው ሥር ቆፍረው ያወጡት አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ወንፊቷን እንደጨበጠች ነበር። የወንዙ ዳር ረፋድ ላይ ተንዶ ዋጣት።

መርማሪዋ ቀና ብላ የብረት ሰሌዳውን አነበበች። «ከዚህ አልፎ ወደ ድልድዩ አሸዋ በሚያወጣ ላይ ሕጋዊ እርምጃ ይወሰዳል።» ሟቿ አላለፈችም። ደንቡ ከድልድዩ መቶ ሜትር ራቁ ይላል። ሜትሩን ዘርግታ ለካች። ሰሌዳው የቆመው ሰባ ላይ ነው።

«ሰሌዳው እግር አወጣ እንዴ?»

«ሰኞ ስንመጣ ወደዚህ ተጠግቶ አገኘነው» አለች አንዷ አሸዋ ነፊ። «መንግሥት አዘነልን ብለን መረቅን።» ድሮ የት እንደነበር ሲጠየቁ ግን አንዷ ወዲህ፣ ሌላዋ ወዲያ ጠቆሙ።

የወንዙ ጠባቂ ድንጋይ ላይ ኩርምት ብሏል። የሟች ታላቅ ወንድም ነው። ወንፊቷን ላለማየት ፊቱን አዙሯል።

«የገልባጩ ሹፌር ነው!» አለ። «አሸዋ አለቀ እያለ ሲነጫነጭ ነበር። ሰሌዳውን አርባ እርምጃ ገፍቶ ተከለው። እህቴን አስበላት።»

ሹፌሩ ተጠራ። «እኔ? ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ሌላ ከተማ ጋራዥ ውስጥ፣ ከመኪናዬ ሆድ ሥር ተኝቼ ነበር!» ወደ ጋራዡ ተደወለ። እውነት ነው።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጠባቂው የተናገረው አንድ ነገር መርማሪዋን ከንክኗታል። በብረት ዘንግ አሸዋውን እየወጋች ሄደች፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ የተሰበረ ሲሚንቶ ነካች። ሰሌዳው ድሮ የቆመበት ጉድጓድ ነው። ከዚያ እስከ ሰሌዳው በራሷ እግር ቆጠረች። አርባ ስምንት።

«ጋሼ፣ እስቲ ከዚህ እስከ ሰሌዳው ይራመዱልኝ።»

«ጋሼ» ሲባል ደነገጠ። እህቱ የምትጠራው እንዲያ ነበር። ረጅም ሰው ነው፤ እየጎተተ ተራመደ። ልክ አርባ ላይ ደረሰ።

«ጉድጓዱን ያገኘሁት አሁን ነው። እርስዎ ቁጥሩን ቅድም ከየት አመጡት?»

ጠባቂው ፊቱን ወደ ወንፊቷ መለሰ።

«ፈቃድ ባለበት ቦታ ጠጠር ብቻ ቀረ። ‹ጋሼ፣ ልጆቼን ምን ላብላቸው?› አለችኝ። ዳሩ ይናዳል ሲሉ የቢሮ ወሬ መሰለኝ። እሁድ ብቻዬን ነቀልኩት። እኔው ነኝ የገደልኳት። ይባስ ብዬ በሰው አላከክኩ።»

ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ሰሌዳውን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ እርምጃ ይወሰዳል ይላል። አርባውን እኔ ወሰድኩ። የቀረውን እናንተ ውሰዱ።»