የነምር ፋሻ

ከሬሳው ይልቅ ሀጃ ኡምሰልማን ያስጨነቃቸው ውሻው ነበር።

ጎንደሬው የሰሊጥ ነጋዴ አኑዋር እንደ ልማዱ ምሳውን በልቶ፣ መጋዘኑ ውስጥ አልጋው ላይ ጋደም ባለበት የጆንያ ክምር ተናደበትና ሞተ፤ የሱዳኗ ከተማ ገዳሪፍ የሰማችው ይህንኑ ነው። ጎረቤቶች ጆንያውን አንስተው ሬሳውን ወደ ቤት ሲያስገቡ፣ ነምር የሚባለው ውሻው ከመጋዘኑ ውጭ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር ተኝቶ ያላዝን ነበር። የኋላ እግሩ በፋሻ ታስሯል።

ሀጃ ኡምሰልማ በፖሊስ ጣቢያ ለሐበሾች ሲያስተረጉሙ ያረጁ ሴት ናቸው። ውሸትን በሁለት ቋንቋ ሰምተዋል፤ በዐረብኛው መሐላው ትንሽ ይረዝማል እንጂ ሌላ ልዩነት አላዩበትም። መኮንኑ ክምሩን የደረደረውን የቀን ሠራተኛ ፊሊጶስን ከመግሪብ ሶላት በፊት መጥቶ እንደሚወስደው ነግሯቸዋል። ፊሊጶስ ወረቀት የለውም፤ ከእስር ቢተርፍ ከድንበር ማዶ ከመጣል አይተርፍም።

ፊሊጶስ ግንቡን ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል።

«እንደ ጡብ አስተሳስሬ ነው የደረደርኩት፣ እትየ። ዶካ ሄጄ ደርድሬያለሁ፣ ሀዋታ ሄጄ ደርድሬያለሁ፤ አንድም አልተናደብኝም።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበርህ?»

«ከዚህ ጥላ ሥር ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«የተኛ ሰው ምስክር ይዞ ይተኛል እንዴ?»

«ወረቀት የሌለው ይዞ ይተኛል» አሉና ወደ ሟቹ ባለቤት ወደ ናጂያ ገቡ።

«ነምርን ባለ ሦስት እግሩ ራክሻ ገጭቶት ነው» አለች ናጂያ በለቅሶ መካከል። «ቁስሉን እየላሰ፣ ፋሻውን እየዘነጠለ አልድን አለ። ከዘይት ጀሪካን ማገጃ ቆርጨ አንገቱ ላይ ባጠልቅለት ከበሩ ጋር አጋጭቶ ሰበረው። ዛሬ ምሳ ላይ ፋሻውን ቀየርኩና እሬት ቀባሁት።»

«እሬት?»

«ልጆቼን ጡት ያስጣልኩበትን ነዋ! አንዴ ላሰና ፊቱን አዞረ። አኑዋር ‹ልጄን አስቀየምሽብኝ› ብሎ ሳቀና አቅፎት ገባ።»

«አቅፎት?»

«ከተገጨ ወዲህ ያን የመጋዘን ደፍ መች ይሻገራል? አቅፎ ያስገባዋል፣ አቅፎ ያወጣዋል። አጠገቡ ካልተኛ እንቅልፍም አይወስደው።»

«እጅሽንስ አልመረረሽም?»

«ሁለቴ በሳሙና ታጥቤ እንኳ አልለቀቀኝም።»

ከዚያ በኋላ የት እንደነበረች ጎረቤቷ ሉብና መለሰችላት፤ ጩኸቱ እስኪሰማ ድረስ ሁለቱ አብረው የሙሉኺያ ቅጠል ለወጥ ሲቀነጥሱ ነበር።

ሀጃ ኡምሰልማ መጋዘኑን አዩት። የክረምት ጎርፍ እንዳይገባ ተብሎ ደፉ እስከ ጉልበት ተገንብቷል። ከክምሩ ሥር ያሉት ጆንያዎች ተቀድደው ሰሊጡ እንደ ውሃ ፈሷል። ሲናዱ ተቀደዱ ወይስ ስለተቀደዱ ተናዱ? ሰሊጥ አይናገርም።

ሲወጡ የሟቹ የወንድም ልጅ ሉጥፊ፣ ፊሊጶስ አጠገብ ቆሞ የከንፈር ትንባሆውን ይተፋል።

«ይሄ ቶምባክ ተበላሽቷል፣ ወላሂ! የሰሊጥ ጨረታው ላይ ከከንፈሬ ሥር ብወትፈው አንጀቴ ድረስ መረረኝ። ሻጩን በሰው ፊት አዋርጄው ነበር፤ አሁንም ያው ነው።»

«ከምትደፋው ለእኔ ስጠኝ» አለ ፊሊጶስ። ከሉጥፊ ቆርቆሮ ቆንጥሮ በጣቱ አድቦለቦለና ወተፈው፤ ዐይኑን ጨፈነ። «ኧረ ደህና ነው! አንተ ጠግበህ ነው።»

ሀጃ ኡምሰልማ የፊሊጶስን ፊት ጥቂት አዩት።

«ሉጥፊ፣ ውሻውን ማን አወጣው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ያ ሀጃ? ጠዋት እንደወጣሁ አልተመለስኩም፤ ጩኸቱን ሰምቼ ነው ከጨረታ የመጣሁት። ደግሞ ለሶላት ታጥቦ ውዱእ ያለው ሰው ውሻ አይነካም።»

«ቢነካም ደጋግሞ ይታጠባል» አሉ ሀጃ ኡምሰልማ።

መኮንኑ ሲመጣ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰቧቸው።

«ክምሩ በራሱ ቢናድ ኖሮ ነምርም ከሥሩ ይገኝ ነበር። ደፉን በሦስት እግሩ አይዘለውም። ስለዚህ አንድ ሰው አቅፎ አወጣው፤ ከዚያ ተመልሶ የታችኞቹን ጆንያዎች በቢላ ቀደደ። ጌታውን ሊገድል ገብቶ ለውሻው አዘነ።»

«አጎቴ ራሱ አውጥቶት ይሆናላ!» አለ ሉጥፊ።

«ይሆናል። አንተ ባትተፋ እኔም እንደዚያ ብዬ ቤቴ እገባ ነበር።»

ሀጃ ኡምሰልማ ወደ ሉጥፊ ጠጋ አሉ።

«ናጂያ እሬቱን የቀባችው ምሳ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያን እግር ያቀፈ እጁ ይመራል። የናጂያ እጅ ይመራል፤ እሷ ግን ከሉብና ጋር ነበረች። ፊሊጶስ ከአንተው ቆርቆሮ በገዛ ጣቱ ቆንጥሮ ተመቸው። ቶምባኩም ደህና፣ የፊሊጶስም እጅ ደህና። የመረረው ያንተ ጣት ነው። የመረረህም ጨረታው ላይ፣ ጩኸቱ ሳይሰማ ነው። ጠዋት የወጣ ሰው ምሳ ላይ የተቀባ እሬት ከየት አግኝቶ ገበያ ወረደ?»

«ወላሂ፣ ወላሂል አዚም…»

«አትማል፤ አውራ ጣትህን ላስ።»

ለመኮንኑ ሁሉንም በዐረብኛ አስተረጎሙለት። መኮንኑ ትእዛዙ በሕግ መጽሐፍ ይኑር አይኑር ትንሽ አሰበና ጣቱን ለማየት ጠጋ አለ። ሉጥፊ እጁን ጀላቢያው ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ውዱእህን ቸኩለህበታል፣ ልጄ» አሉ ሀጃ ኡምሰልማ።

«አጎቴ ሊዘጋው ነበር» አለ ሉጥፊ ቀስ ብሎ። «መጋዘኑን ዘግቶ ጎንደር ሊገባ። እሱ የሚገባበት አለው። እኔ እዚህ ተወለድኩ፤ እዚህ ሐበሻ ነህ ይሉኛል፣ እዚያ ብሄድ ሱዳኒ ሊሉኝ። ከዚህ መጋዘን ሌላ ምን አለኝ?»

«ውሻውንስ ለምን አወጣኸው?»

«ከዶካ መንገድ ቡችላ ሆኖ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሱ ምን አደረገ?»

«አኑዋርስ ምን አደረገህ?» አለች ናጂያ።



መኮንኑ ሉጥፊን ይዞ ሲወጣ በፊሊጶስ አጠገብ ወረቀት ሳይጠይቀው አለፈ። ፊሊጶስ አፉ ውስጥ ያለውን ቶምባክ መትፋት ፈርቶ ዋጠው።

ከኒሟ ሥር ነምር ጭራውን እየቆላ ተነሳ። እያነከሰ መጣና ከኪስ የወጣውን የሉጥፊን እጅ አንዴ ላሰው። ከዚያ ፊቱን አዞረ።